«ሲፕሮ አለ?»

ፋርማሲ ውስጥ አስር ደቂቃ ብትቆሙ ታዩታላችሁ። ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ የሚጠብቅ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሲፕሮ አለ?» የሚል ወጣት ወንድ አይጠፋም። አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ እንደማይሸጥ ገዢም ሻጭም ያውቃሉ። ግን ይሸጣል።

ሽንቱ ሲያቃጥለው ወይ ፈሳሽ ሲያይ መጀመሪያ የሚያማክረው ጓደኛውን ነው። ጓደኛው ደግሞ «እኔን አድኖኛል» ያለውን ክኒን ይነግረዋል። ችግሩ የጨብጥ ባክቴሪያ ሲፕሮን በብዙ አገሮች ተላምዶታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ሲፕሮና ዘመዶቹ ለጨብጥ እንዳይሰጡ መክሯል። ደግሞ ጨብጥ የያዘው ሰው ክላሚዲያም አብሮት ሊኖር ይችላል፤ የዚያ መድኃኒቱ ሌላ ነው።

«ወንድ ላይ ምልክቱ ቶሎ ይታያል» የሚል መጽናኛ አለን። ለጨብጥ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። ክላሚዲያ ግን ብዙ ወንድ ላይ ምንም ሳያሳይ ይቀመጣል። ቂጥኝ ደግሞ የባሰ አታላይ ነው፤ የመጀመሪያው ቁስል አያምም፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም በራሱ ይጠፋል። ልጁ «ዳንኩ» ይላል፣ በሽታው ደሙ ውስጥ ነው።

«እኛ ተገርዘናል» የሚሉም አሉ። በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ የተደረጉት ጥናቶች ግርዛት ወንድ ከሴት በኤችአይቪ የመያዝ ዕድሉን በ60 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። 60 እንጂ 100 አይደለም። ከጨብጥና ከክላሚዲያ ያድናል ብሎ መመካት ደግሞ ጭራሽ አያዋጣም።

ሴቷ ቢያንስ ስታረግዝ ለክትትል ሄዳ ኤችአይቪና ቂጥኝ ትመረመራለች። ወንዱን በዚህ መልኩ የሚጠራው በር የለም። ብዙዎቻችን ጤና ጣቢያ የምንገባው አንድም ሰው ልንጠይቅ፣ አንድም ኳስ ስንጫወት እግራችን ሲዞር ነው።

የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነውና እንዲህ አየዋለሁ፦ አለመመርመሩ ለወንዱ ርካሽ ይመስለዋል፣ ምክንያቱም ሒሳቡን በአብዛኛው የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። ያልታከመ ጨብጥና ክላሚዲያ የሴቷን የማህፀን ቱቦ ሊዘጋ ይችላል። ከዓመታት በኋላ ልጅ ሲጠፋ ቤተሰቡ «እሷ መካን ናት» ይላል። እሱን ማንም አይጠይቀውም። የሱም የዘር ፍሬ ቱቦ በዚሁ በሽታ ሊጎዳ እንደሚችል የሚያነሳ የለም።

ወንዱን ብቻ መውቀስ ግን ቀላል ነው። የቀን ሠራተኛ ወይም የባጃጅ ሹፌር በሥራ ሰዓት ካርድ ለማውጣት ቢሰለፍ የግማሽ ቀን ገቢው ይቀራል። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ደግሞ «ምንህን ነው የሚያምህ?» የሚለው ጥያቄ ከኋላው ላለው ሰልፈኛ ሁሉ ይሰማል። ጤና ጣቢያዎች በሳምንት ሁለት ምሽትና ቅዳሜን ለዚህ ቢከፍቱ፣ የመጣበትንም ጉዳይ ዝግ ክፍል ውስጥ ብቻ ቢጠይቁት፣ በየዓመቱ ከሚለጠፈው ፖስተር የተሻለ ይሠራል ባይ ነኝ።

እስከዚያው፣ ምልክት ያየህ ልጅ ክኒኑን ተወውና ተመርመር። ለእሷም ንገራት። አንተ ብቻ ከታከምክ በሚቀጥለው ወር ያው በሽታ ተመልሶ ይይዝሃል።