«መሬቱ ማዳበሪያ ለምዷል» አትበሉ

«መሬቱ ማዳበሪያ ለምዷል፣ ካልጨመሩለት አይሰጥም» ስትባባሉ እሰማለሁ። ለምዶ አይደለም፣ ኮምጥጦ ነው እኮ!

አፈሩ አሲዳማ ሲሆን፣ ማለትም ፒኤቹ ከ5.5 ሲወርድ፣ ታስሮ የቆየው አልሙኒየም ይሟሟል። ያ አልሙኒየም የስሩን ጫፍ ይመታዋል፤ ስሩ አጥሮና ወፍሮ ይቀራል፣ ወደ ታች አይወርድም። ፎስፈረሱንም ያስረዋል። በብድር የገዛችሁት ኤንፒኤስ አፈር ውስጥ ተቀምጦ ገብሳችሁ ይራባል። ዩሪያ ሲደጋገም ደግሞ ኮምጣጣነቱን ያብሰዋል። ታዲያ መጠን መጨመር ምን ሊፈይድ? በአዊ ብዙ ገበሬ ማሳውን ለዲከረንስ ዛፍ የለቀቀበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

«ጎረቤቴ ስንዴ ዘርቶ አገኘ» ትሉኛላችሁ። አንዳንድ የስንዴ ዝርያ ከስሩ ጫፍ ማሌት የሚባል ነገር እያወጣ አልሙኒየሙን ይይዘዋል። ሁሉም ስንዴ ግን እንዲህ አይደለም፤ ገብስማ ከስንዴም የባሰ አይችለውም። የሰው ማሳ አይታችሁ አትወስኑ።

መፍትሔው ኖራ ነው። በዘር ቀን በትኖ «አልሠራም» የሚል ሰው ግን ኖራውን አይማ! ከመዝራት ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ተበትኖ፣ በደንብ ታርሶ ከአፈሩ ጋር መቀላቀል አለበት። መጠኑ የሚታወቀው በአፈር ምርመራ ነው፤ ከበዛ ሰብሉ ዚንክ እንዳያገኝ ያደርጋል።

ቀበሌ ስትሰበሰቡ «ማዳበሪያው መቼ ይገባል» ብቻ አትበሉ። «አፈራችን መቼ ይመረመራል? ኖራውስ?» በሉ። ይህንንም በበጋ ጠይቁ፤ ሰኔ ከገባማ ለዘንድሮ አለፈ።