የቃራውን ዓሣና የተበከለው ውኃ፦ የዓሣው ኩላሊት እስከ የት ይከላከላል?

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2021 መጨረሻ በምዕራብ ቤቃዕ በሚገኘው የቃራውን ሐይቅ ዳርቻ ቢያንስ 40 ቶን የሞተ ዓሣ ተገኝቷል። የሞተው ካርፕ የተባለው ዝርያ ብቻ በመሆኑ መንስኤው ቫይረስ ሳይሆን እንዳልቀረ ተጠርጥሯል። ይሁን እንጂ የሐይቁ ብክለት የቆየ ነው። የሐይቁ ካርፕ ለምግብነት አይበቃም ተብሎ ማስገር የተከለከለው በ2018 ቢሆንም፣ ከዚያ በኋላም የሊጣኒና የቃራውን ዓሣ በገበያ ላይ መታየቱ አልቀረም። ስለዚህ ጉዳዩ ከባውሽሪዬና ከሌሎች የቤይሩት ዳርቻዎች ሸማች ቅርጫትም ይደርሳል።

ዓሣ በተበላሸ ውኃ ውስጥ እንዴት ይኖራል? ሰውነት ፕሮቲንን ሲሰባብር አሞኒያ የተባለ መርዛማ ዝቃጭ ይፈጠራል። የሰው ጉበት ይህን ወደ ዩሪያ ይለውጠዋል። የወንዝና የሐይቅ ዓሣ ግን አብዛኛውን በቀጥታ በስንጥቡ በኩል ወደ ውኃው ይለቀዋል፤ የኩላሊቱ ድርሻ አነስተኛ ነው። ውኃው አሲዳማ ሲሆን ግን የኩላሊቱ ሥራ ይጨምራል። ኩላሊቱ የሚያመነጨው አሞኒያ ትርፉን አሲድ ይዞ በሽንት ይወጣል፤ በዚህም የደሙ ሚዛን ይጠበቃል። በ2015 የካርፕ ዘመድ በሆነው ጎልድፊሽ ላይ የታተመ ጥናት፣ በዚህ ሂደት በሰው የደም ዓይነት ምርመራ ከሚታወቀው የአር ኤች ቤተሰብ የሆኑ ፕሮቲኖች ድርሻ እንዳላቸው አመልክቷል።

የቃራውን አደጋ ግን የሚመጣው ከተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ከላይኛው ሊጣኒ የሚወርደው የቤት ፍሳሽ፣ የፋብሪካ ዝቃጭና የእርሻ ማዳበሪያ አልጌን ያፋፋል። አልጌው በቀን ብርሃን ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከውኃው ስለሚወስድ ውኃው ከአሲድ ርቆ አልካላይን ይሆናል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት፣ ፒኤች 7 በሆነ ውኃ ውስጥ ካለው አሞኒያ መርዛማ መልክ ያለው ከመቶ አንድ አይሞላም፤ ፒኤች 9 ሲደርስ ግን ከሲሶ ይበልጣል። የአሞኒያው መጠን ሳይጨምር መርዛማነቱ ይበረታል ማለት ነው። በውጭ ያለው አሞኒያ ሲበዛ ስንጥቡ የውስጡን ማስወጣት ያዳግተዋል፤ በአሲድ ጊዜ የሚያግዘው ኩላሊትም ይህን ሸክም ሊሸከም አይችልም።

በመሆኑም መፍትሔው ከዓሣው አካል ሳይሆን ከወንዙ ላይኛው ተፋሰስ የሚጀምር ነው። የዓለም ባንክ በ2016 ለቃራውን ብክለት መከላከያ 55 ሚሊዮን ዶላር ብድር አጽድቋል። 40 ቶኑ ዓሣ የተገኘው ከዚያ ወደ 5 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ፍሳሹ ሳይጣራ ወደ ወንዙ መግባቱ እስካልቆመ ድረስ የባሕር ዳርቻውን ማጽዳት ብቻውን ዘላቂ ውጤት አያመጣም።

ለሸማቹ የሚያሳስበው ከአሞኒያው ይልቅ የአንዳንድ አልጌዎች መርዝና ከባድ ብረቶች ናቸው። እነዚህን መቀቀልም ሆነ መጥበስ አያጠፋቸውም፤ የአልጌው መርዝ ደግሞ በተለይ በጉበት ይከማቻል። ዓሣ ሁሉ ይወገዝ ማለት አይደለም፤ በሄርመል በዓሲ ወንዝ የሚረባው ትራውት ከቃራውን ካርፕ የተለየ ነው። ነገር ግን ዋጋው እጅግ የረከሰ ካርፕ ሲቀርብ ከየት እንደተጠመደ መጠየቅ፣ ሻጩ ምንጩን መናገር ካልቻለም አለመግዛት ጤናን መጠበቅ ነው።