አዳራሹን ትቶ በብስክሌት የሚሄደው ራት

በሎንዶን ከተማ መካከል፣ ሪጀንት ስትሪት በሚባለው ታላቅ ጎዳና ላይ፣ ቪራስዋሚ የተባለ የሕንድ ምግብ ቤት በ1926 ዓ.ም. ተከፈተ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) መሥራቹ ኤድዋርድ ፓልመር የትውልድ ሐረጉ ከአንድ እንግሊዛዊ ጄኔራልና ከአንዲት የሕንድ ልዕልት የሚመዘዝ ሰው ነበር። ቤቱ የዓለምን ጦርነት አልፎ፣ ባለቤት ለውጦ፣ ስሙን ጠብቆ ኖረ፤ በ2016 ዓ.ም. በወጣው የሚሽሊን መጽሐፍም የአንድ ኮከብ ክብር ተሰጠው። መቶኛ ዓመቱን ለማክበር አንድ ዓመት ሲቀረው ግን፣ ማለት በ2025 ዓ.ም.፣ የሕንፃው ባለቤት የሆነው የዘውድ ርስት አስተዳደር የኪራዩን ውል አላድስም አለ። ምክንያቱም ሕንፃውን ለማደስና የቢሮዎቹን መግቢያ ለማስፋት መፈለጉ ነው። አዳራሹ የሚገኘው ፎቅ ላይ ስለሆነ ከታች ያለችውን መግቢያ ካጣ እንግዳ የሚገባበት በር አይኖረውም። ባለቤቶቹም ክርክሩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት።

አንባቢያችን ምናልባት «የሎንዶን ኪራይ ለእኛ ምናችን ነው?» ይል ይሆናል። ጉዳዩን በጥሞና ለሚመለከት ሰው ግን ነገሩ የአንድ ቤት የኪራይ ጠብ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ዛሬ በታላላቅ ከተሞች የሚገኝ የከበረ ምግብ ቤት ከሁለት ወገን ተይዟል። በአንዱ ወገን ባለ ሕንፃው ቦታው ለሌላ ነገር ቢውል ይሻለኛል ይላል። በሌላው ወገን በእጅ ስልክ ትእዛዝ እየተቀበሉ ምግብ ከቤት ወደ ቤት የሚያደርሱ ኩባንያዎች «አዳራሹን ተወውና ምግቡን ብቻ ስጠን» ይላሉ። ሁለቱ ተማክረው ያደረጉት አይደለም፤ ነገር ግን የሚናገሩት አንድ ቃል ነው፤ ምግቡ ከሚበላበት ቤት ተለይቶ ዋጋ ሊወጣለት ይችላል የሚል ነው። እኛም ይህን አባባል ልንመረምረው ፈለግን።

ምግብን አዘጋጅቶ ወደ ሰው ቤት መላክ የዛሬ ፈጠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን በሎንዶን በሕንዳዊ እጅ የተቋቋመው የመጀመሪያው የሕንድ ምግብ ቤት ገና በ1810 ዓ.ም. ሲከፈት ይህን ሥራ አብሮ ይዞ ነበር። መሥራቹ ዲን መሐመድ በ1759 ዓ.ም. በፓትና ከተማ ተወልዶ፣ በምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ጦር ውስጥ አገልግሎ፣ ኋላም ወደ አየርላንድ ተሻግሮ በ1794 ዓ.ም. የጉዞውን ታሪክ በእንግሊዝኛ ያሳተመ ሰው ነው። «የሂንዶስታን ቡና ቤት» ብሎ የሰየመውን ቤት ያቆመው ባለጠጎች በሚኖሩበት በፖርትማን አደባባይ አጠገብ ሲሆን፣ ደንበኞቼ ይሆናሉ ብሎ የተማመነባቸው በሕንድ አገር ኖረው፣ ሀብት አከማችተው የተመለሱትን እንግሊዞች ነበር። ለእነርሱም የቀርከሃ ወንበር አሰናዳ፤ የሕንዶቹ ጋያ የሚጤስበት ክፍልም ለይቶ አዘጋጀ። በ1811 ዓ.ም. ባወጣው ማስታወቂያ ደግሞ አስቀድሞ ለሚያስታውቀው ሰው የሕንድ ራት አሰናድቶ እስከ ቤቱ እንደሚልክለት ገለጸ። ይሁን እንጂ በ1812 ዓ.ም. ከሰረ። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት እነዚያ ባለጠጎች ሕንድኛ የሚያበስል ወጥ ቤት በየቤታቸው ቀጥረው ነበርና ወደ እርሱ የሚያስኬዳቸው ጉዳይ አልነበረም የሚል ነው። (ሰውየው ግን በዚህ ተስፋ አልቆረጠም፤ ወደ ብራይተን ሄዶ መታጠቢያ ቤት ከፍቶ ገላ በማሸት ሥራ ነገሥታትን እስከ ማገልገል ደረሰ።) እንግዲህ ያን ጊዜ የተላከው ራት ገዢ ያጣው በየቤቱ ወጥ ቤት ስለ ነበረ ነው፤ ዛሬ ገዢ የበዛለት በየቤቱ ወጥ ቤት ስለሌለ ነው። ባልና ሚስት ሁለቱም ከቢሮ ደክመው ሲመለሱ ምድጃው እንደ ቀዘቀዘ ይጠብቃቸዋል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር «የሕንድ» የሚል ስም ይዘው የተስፋፉት ምግብ ቤቶች አብዛኞቹ፣ ዛሬ በባንግላዴሽ ውስጥ ከምትገኘው ከሲልሄት አውራጃ በመጡ ሰዎች የተቋቋሙ ናቸው። እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት ሆነው፣ በትንሽ ገንዘብ ሆድ የሚሞላ ምግብ እያቀረቡ የእንግሊዝን ሕዝብ ከቅመም ጋር አስታረቁት። በ2001 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሮቢን ኩክ፣ ቺክን ቲካ ማሳላ የሚባለውን የዶሮ ወጥ የእንግሊዝ ብሔራዊ ምግብ ነው እስከ ማለት ደረሱ። ይህ ሁሉ ፍቅር ግን አንድ ጉዳት ይዞ መጣ። የሕንድ ምግብ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ርካሽ መሆን አለበት የሚል እምነት በሰው ልብ ተተከለ። ፈረንሳዊው ወጥ ቤት አንድ ዓሣ በቅቤ ጠብሶ ብዙ ፓውንድ ቢጠይቅ ማንም ቅንድቡን አያነሣም፤ ሕንዳዊው ድንብላሉን፣ ከሙኑን፣ ሄሉን፣ ቅርንፉዱን ለየብቻ ቆልቶና ፈጭቶ፣ ሥጋውን ሌሊቱን ሙሉ በእርጎ ዘፍዝፎ ያንኑ ዋጋ ሲጠይቅ ግን «ለወጥ ነው ይህ ሁሉ?» ይባላል።

የታላላቆቹ የሕንድ ምግብ ቤቶች ሥራ እንግዲህ ይህን እምነት መንቀል ነበር፤ ረጅም ጊዜም ወሰደባቸው። ሚኒስትሩ ያን በተናገሩበት በዚያው በ2001 ዓ.ም. ታማሪንድና ዛይካ የተባሉት ሁለት የሎንዶን ቤቶች ለሕንድ ምግብ የመጀመሪያዎቹን የሚሽሊን ኮከቦች አገኙ። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ጂምካና በ2024 ዓ.ም. ሁለት ኮከብ ደረሰ። በ2025 ዓ.ም. ደግሞ በዱባይ የሚገኘው ትሬሲንድ ስቱዲዮ ሦስት ኮከብ በማግኘት ከሕንድ ምግብ ቤቶች ሁሉ የመጀመሪያው ሆነ። ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ አንድ ሰው ራቱን በልቶ፣ አንድ ሁለት ብርጭቆ ጠጥቶ ሲነሣ ሂሳቡ ከ100 ፓውንድ በላይ ቢሆን አይደነቅም። ይህን ስንጽፍ በተማሪነታችን ወራት ተሰልፈን የተቀበልነውን ሽሮ አልረሳንም፤ ነገር ግን ዋጋውን ከመርገም በፊት ምን ምን እንደ ያዘ መቁጠር ይሻላል።

በመቶው ፓውንድ ውስጥ ሥጋውና ቅመሙ ትንሹ ክፍል ነው። ከዚህ ሌላ የአዳራሹ ኪራይ አለበት፤ በእሳት ፊት የሚቆሙት የወጥ ቤቶቹ ደመወዝ አለበት፤ የገበታውን ጨርቅ የሚያጥበው፣ ብርጭቆውን የሚወለውለው፣ እንግዳው ሳይጠራው የሚመጣው አሳላፊ አለበት። ከሁሉ በላይ ጊዜ አለበት። እንግዳው ሁለት ሰዓት ያህል ያን ወንበር ይዞ ይቀመጣል፤ ምግቡም በየተራው፣ ትኩሱ በትኩስነቱ፣ ቀዝቃዛው በቅዝቃዜው ይቀርብለታል። በአማርኛችን «ጉርሻ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያመለክታል፤ ወዳጅ በእጁ የሚያጎርሰውንም፣ ለአሳላፊ የሚተወውን ገንዘብም አንድ ስም ሰጥተናቸዋል። በሌላ ቋንቋ ይህን የመሰለ ስም መኖሩን እንጃ! በከበረ ምግብ ቤት የሚከፈለውም ከምግቡ ይልቅ የሚያጎርሰው እጅ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ታዲያ ራቱ በካርቶን ታሽጎ በብስክሌት ሲሄድ ከዚህ ሁሉ ምን ይተርፋል? መልሱ እንደ ምግቡ ዓይነት ይለያያል፤ በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል።

ናን የሚባለው የሕንድ ቂጣ ታንዱር በሚባለው የሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ በኃይለኛ እሳት፣ ባጭር ጊዜ ውስጥ ይበስላል። ላዩ እንደ ወጣ ፊኛ ፊኛ ያለ፣ ጠርዙ ኮሸሽ የሚል፣ መካከሉ ለስላሳ ነው። ይህ ጠባዩ ግን ዕድሜው የደቂቃዎች ነው። ታሽጎ ሲሄድ የራሱ እንፋሎት መልሶ ያረጥበዋል፤ ሲቀዘቅዝም እንደ ቁርበት ይሆናል። ፓኒ ፑሪ የተባለችው ቀጭን ተሰባሪ ኳስ ደግሞ ከዚህ የባሰች ናት፤ በቅመም የተቀመመ ውሃ ከተሞላባት በኋላ ወዲያው ካልተዋጠች ትፈርሳለች። እነዚህን በብስክሌት መላክ እንግዳውን ማታለል ነው ብንል የተጋነነ አይመስለንም።

ቢርያኒ ግን ሌላ ነው። ሩዙና ሥጋው ተነባብረው በድስት ይገቡና አፉ በሊጥ ተመርጎ በለዘበ እሳት ላይ በራሱ እንፋሎት ይበስላል። ታሽጎ መቆየት ተፈጥሮው ስለሆነ መንገዱን አይፈራም። የምስርና የባቄላ ዘር የሆነውም ሁሉ እንዲሁ ነው። በሕንድ አገር፣ በኒው ዴልሂ፣ ቡኻራ የተባለ ስመ ጥር ምግብ ቤት አለ፤ እንግዶቹ፣ የመንግሥታት መሪዎች ሳይቀሩ፣ ሽርጥ ታጥቀው በእጃቸው የሚበሉበት ቤት ነው (ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም)። የዚህ ቤት ጥቁር ምስር በከሰል እሳት ላይ ያድራል። ባለቤቱ የሆነው ኩባንያ ያንኑ ምስር አሽጎ በየሱቁ እንዲሸጥ አድርጎታል፤ ምስሩም አላሳፈረውም። ስለዚህ «የከበረ ምግብ ከአዳራሹ ሊወጣ አይገባውም» የሚሉት ሰዎች ስተዋል፤ «ሁሉም ሊላክ ይችላል» የሚሉትም ስተዋል። ሙያውን የሚያከብር ቤት ለመንገድ የሚሆነውን ለይቶ አውጥቶ፣ ናኑን ሊጡን ብቻ ልኮ፣ ፓኒ ፑሪውን ደግሞ «ይህ እዚህ መጥተው ብቻ የሚበሉት ነው» ብሎ ይነግራል። በ2020 ዓ.ም. በወረርሽኙ ጊዜ አዳራሾች ሁሉ ሲዘጉ፣ እስከዚያ ድረስ ምግብ ወደ ቤት አንልክም ብሎ የኖረው ዲሹም እንኳ መላክ ጀመረ፤ ቁርሱንም እቤት ተሠርቶ እንዲበላ ከነማዘጋጃው ይልክ ነበር። በችግር የተገኘ ቢሆንም መልካም ብልሃት ነው።

የላኪዎቹን ጥቅምም መካድ አይገባም። ሕፃን ታቅፋ የምታድር እናት፣ የታመመ ሰው፣ የሌሊት ተረኛ ሐኪም ወደ አዳራሽ ሊሄዱ አይችሉም። የሚያሳስበን ምግቡ መሄዱ አይደለም፤ ገንዘቡ የሚሄድበት መንገድ ነው።

በ2013 ዓ.ም. በሎንዶን የተቋቋመው ዴሊቨሩ የተባለው ኩባንያ፣ የራሳቸው መልእክተኛ ያልነበራቸውን ምግብ ቤቶች ሁሉ ከገዢው ጋር ያገናኘ ሲሆን፣ በ2025 ዓ.ም. ዶርዳሽ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2.9 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ገዝቶታል። እንዲህ ያሉ ኩባንያዎች ከምግብ ቤቱ የሚወስዱት ኮሚሲዮን ከሂሳቡ ሲሶ የሚጠጋበት ጊዜ አለ። ነገሩ ምን ያህል እንደ ከበደ ለማወቅ የኒውዮርክ ከተማ ምክር ቤት በ2020 ዓ.ም. የማድረሻው ክፍያ ከ15 በመቶ እንዳይበልጥ በሕግ መደንገጉን ማየት ይበቃል። እንግዲህ ለኪራይ፣ ለወጥ ቤትና ለአሳላፊ ይከፋፈል ከነበረው ገንዘብ ሲሶው ወደ ስልኩ ገባ ማለት ነው። ርካሹ ምግብ ቤት ይህን በብዛት ሸጦ ይቋቋመዋል። የከበረው ቤት ግን አዳራሹን በብድር አስጊጦ፣ አዳራሹ ያላያትን ሳህን በአዳራሹ ዋጋ መሸጥ አይችልም፤ ዋጋውን ቢያወርድ ደግሞ በመቶ ዓመት ትግል የነቀለውን «የሕንድ ምግብ ርካሽ ነው» የሚለውን እምነት በገዛ እጁ መልሶ ይተክለዋል። በዋሽንግተንና በሎንዶን የሚገኙ ያገራችን ልጆች ምግብ ቤቶችም ከዚህ ፈተና ውጭ አይደሉም። እንጀራው በካርቶን ታጥፎ ይሄዳል፤ ዙሪያውን ከበው የሚበሉበት መሶብ ግን አይሄድም፤ ገዢውም የከፈለበት ዋጋ የሁለቱ እንደ ነበረ አያውቅም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው የተሸካሚው ነገር ነው። በሎንዶን አዳራሾች በሂሳቡ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 12 ከግማሽ በመቶ የመስተንግዶ ይጨመራል። ይህ ገንዘብ ሳይጓደል ለሠራተኞቹ እንዲደርስ የሚያዝ ሕግ በ2023 ዓ.ም. ወጥቶ ከጥቅምት 2024 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራበታል። አሳላፊው በዚህ ሕግ ጥላ ሥር ነው። ያንኑ ራት በዝናብ ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ የሚያደርሰው ባለ ብስክሌት ግን የምግብ ቤቱም ሠራተኛ አይደለም፤ የኩባንያውም አይደለም ተብሏል። የሠራተኞች ማኅበር ስለ ዴሊቨሩ ተሸካሚዎች ሆኖ ከኩባንያው ጋር በኅብረት ለመደራደር የጀመረው ክርክር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ዳኞቹ በኅዳር 2023 ዓ.ም. እነዚህ ሰዎች በሕጉ ዓይን ተቀጣሪዎች አይደሉም ብለው ፈረዱ። ዋናው ምክንያት ተሸካሚው ከፈለገ ሌላ ሰው በምትኩ ሊልክ ይችላል የሚለው የውሉ አንቀጽ ነው። ዳኞቹ የተጠየቁት ውሉ ምን ይላል የሚል ነበር፤ መልሱንም ሰጡ። አሳላፊና ተሸካሚ ለአንድ ራት ሲሠሩ አንዱ በሕግ ሲጠበቅ ሌላው ለምን ሜዳ ላይ እንደ ቀረ የሚጠየቀው ግን ፓርላማው ነው።