በጆሮ የሚነበብ መጽሐፍ

ባለፈው ሳምንት አማርኛ በመማር ላይ ያሉ አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ፥ «መጽሐፍን በጆሮ መስማት እንደ ማንበብ ይቈጠራልን?» ሲሉ ጠየቁን። በድምፅ ተቀድተው ከሚገኙት መጻሕፍት መካከል የትኛው ዓይነት ቢሰማ እንደሚበጅም አብረው አሳሰቡን። በደረጃው ላይ ቆመን የሰጠናቸው መልስ እጅግ አጭር ነበረ። ስለዚህ ዛሬ የዚህን ዓምድ ቦታ ለዚሁ ጥያቄ ሰጥተነዋል።

መጽሐፍ መስማትን የለመድነው ካላክላ ነው። ካላክላ ከካርቱም መካከለኛ ከተማ በስተደቡብ፥ በነጭ ዓባይ አጠገብ የሚገኝ ሰፊ ሰፈር ነው። በ2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከመነሣቱ በፊት፥ ለሥራ ተልከን ጥቂት ወራት በተቀመጥንበት ጊዜ፥ ከአገራችን ሰዎች ጋራ በአንድ ግቢ እንኖር ነበር። መብራት ማታ ማታ ይጠፋል፤ ቤቱም እንደ ምድጃ ስለሚግል አልጋው ሁሉ ወደ ግቢው ይወጣል። ያን ጊዜ አንዱ ጐረቤታችን ስልኩን ባዶ የብረት ሳፋ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ድምፁም ከሳፋው ጐልቶ እየወጣ ለሁላችን ይደርሳል።

ይሰማ የነበረው ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ የሚያነበውም ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ። ይህ ትረካ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈ ሲሆን፥ መጽሐፉን በእጃቸው ይዘው የማያውቁ ብዙ ሰዎች በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ያወቋቸው በእርሱ ነው። በግቢያችን ሻይ በመሸጥ የምትተዳደር አንዲት እኅት ነበረች። ፊታውራሪ መሸሻ ሲቈጡ በሰማች ቍጥር፥ «እኒህን ሰውዬስ አውቃቸዋለሁ፤ የቤት ኪራይ የሚሰበስቡት ናቸው» ትል ነበር። ጉዱ ካሣ ሲናገር ግን ዝም ብላ ታዳምጣለች።

እዚህ ላይ ለአማርኛ ተማሪ የሚጠቅም አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ፊደላችን ብዙ ነገር ይነግረናል፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ግን ለይቶ አያሳይም። እኛ ትግርኛን ከእናታችን፥ አማርኛን ግን ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰሌዳ የተማርን ስለ ሆነ፥ የዚህን ጕድለት ዋጋ ከፍለናል። ከዓመታት በፊት በአንድ ስብሰባ ላይ «አቤቱታው ይሰማል» የሚለውን ቃል «ሰ»ንም «መ»ንም አላልተን አነበብነው። ሁለቱ ሲጠብቁ አቤቱታውን ሌላ ሰው ያደምጠዋል ማለት ነው። ሲላሉ ግን አቤቱታው ራሱ ጆሮ አውጥቶ ያደምጣል ማለት ይሆናል። ሰብሳቢው ታላቅ ሰው ነበሩና አልሣቁም፤ የሣቀው ከኋላ የተቀመጠው ነው። ከወጋየሁ ጋራ አንድ ምዕራፍ ያህል የተቀመጠ ሰው እንዲህ ያለውን ስሕተት ቶሎ አይሠራም። ስለዚህ ለባልደረባችን የምንመክራቸው፥ አንዱን ምዕራፍ አስቀድመው እንዲሰሙ፥ ከዚያም መጽሐፉን ገልጠው በሚጠብቀው ፊደል ላይ በእርሳስ ነጥብ እያኖሩ እንዲያነቡ ነው።

ወደ ዓይነቱ እንመለስ። ምትሃትና አስማት ያለበት ልብ ወለድ ለጆሮ የተፈጠረ ነው ብለን እናምናለን፤ ተረት ከሁሉ አስቀድሞ የተነገረ እንጂ የተጻፈ አይደለምና። ሐዲስ ዓለማየሁም በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙትን መጽሐፍ «ተረት ተረት የመሠረት» ብለው የሰየሙት፥ ተራኪው ሲጠራ ሰሚው በሚመልሰው ቃል ነው። ይህ ምላሽ ሰሚው እንቅልፍ እንዳልወሰደው ማረጋገጫ ጭምር ይመስለናል። የውጭ አገሩ ተራኪ ግን ይህን መጠየቅ ስለማይችል፥ ስሞቹ ሲበዙ ሰሚው መንገድ ይስታል። የቶልኪንን «የቀለበቶቹ ጌታ» ሮብ ኢንግሊስ እ.አ.አ. በ1990 በቀዳው ንባብ ስንሰማ፥ የነገሥታቱ ስም ከመብዛቱ የተነሣ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሰናል። ሆኖም በመጽሐፉ ውስጥ ያሉትን ግጥሞች በዜማ ስለሚያወጣቸው፥ በዓይን ሲነበቡ የሚዘለሉት ግጥሞች በእርሱ አፍ ተወዳጅ ሆኑ። የሃሪ ፖተርን መጻሕፍት ለአሜሪካውያን ያነበበው ጂም ዴል ደግሞ በአንዱ መጽሐፍ ብቻ ከ130 የሚበልጡ ልዩ ልዩ ድምፆችን አውጥቷል። ብልኃቱን እናደንቃለን፤ ነገር ግን ድምፅ ሁሉ ሲለያይ ሰሚው ታሪኩን ትቶ አንባቢውን ማድነቅ ይጀምራል። ወጋየሁ ይህን ያህል አይደክምም። ፊታውራሪውን ለማምጣት ትንፋሹን ከፍ ያደርጋል፤ ይበቃልም።

የሳይንስ ልብ ወለድ ግን በጆሮ ሲሰማ ይከብዳል፤ ቍጥርና ስሌት ይበዛበታልና። ወረቀት ላይ ዓይን ተመልሶ ያያል፤ ጆሮ ግን አንዴ ካመለጠው አመለጠው። ቢሆንም ድምፅ ያለውን ኀይል ያሳየው ይኸው ዓይነት ነው። እ.አ.አ. ጥቅምት 30 ቀን 1938 ኦርሰን ዌልስ የማርስ ሰዎች ምድርን ወረሩ የሚለውን የኤች ጂ ዌልስ ታሪክ በአሜሪካ ሬዲዮ በዜና መልክ ቢያቀርበው፥ ከሰሙት አንዳንዶቹ እውነት መስሏቸው ደነገጡ። ከቅርብ ጊዜዎቹ ደግሞ የአንዲ ዊርን «ፕሮጀክት ሄይል ሜሪ» እናስቀድማለን፤ መጽሐፉ እ.አ.አ. በ2021 ወጣ፤ ያነበበውም ሬይ ፖርተር ነው። በዚህ ታሪክ አንድ መምህር ከምድር እጅግ ርቆ ሳለ፥ ከሌላ ኮከብ ዙሪያ የመጣ ፍጡር ያገኛል። የፍጡሩ ንግግር የሙዚቃ ድምፅ ነው። መጽሐፉን ያነበበ ሰው ይህን በምልክት ያያል፤ የሰማ ሰው ግን ዜማውን ራሱን ያደምጣል። መምህሩ መጀመሪያ በመሣሪያ እየታገዘ፥ በኋላም ያለ መሣሪያ ቋንቋውን ሲለይ፥ ሰሚውም አብሮት የለመደ ይመስለዋል። አማርኛ የሚማር ሹም ይህን ቢሰማ ራሱን ያገኝበታል።

ይህንን በካላክላ ማታ ስንሰማ በዕድሜ የሸመገሉ አንዲት እናት ከአልጋቸው ቀና ብለው፥ «ይህ ፉጨት ምንድን ነው?» አሉን። እኒህን እናት ግቢው ሁሉ «አደይ» ይላቸው ነበር፤ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው። ታሪኩን ባጭሩ አስረዳናቸው።

«ታዲያ አስቀድሞ ምን ጠየቀው? ውሃ ነው?»

«የለም አደይ፤ አስቀድመው የተማማሩት ቍጥርን ነው።»

«እንግዲያውስ ያልጠማው መንገደኛ ነዋ» አሉና ተመልሰው ተኙ።

አደይ ይህን የተናገሩት ከሚያውቁት ተነሥተው ነው። በ1977 ዓ.ም. በረኀቡ ጊዜ ከትግራይ ተነሥተው ወደ ሱዳን ከተሰደዱት እጅግ ብዙ ሰዎች አንዷ ነበሩ። የአውሮፕላን ጥቃት ስለሚፈራ ጉዞው በሌሊት ነበረ። ያረፉትም ኡም ራኩባ በሚባለው መጠለያ ነው፤ ይህ ስፍራ በ2013 ዓ.ም. ዳግመኛ ከትግራይ ለመጡ ስደተኞች ተከፍቷል።

ስለ ግለ ታሪክ ያለን አስተያየት ከዚያች ማታ በኋላ ተለውጧል። አስቀድሞ የሠለጠነ አንባቢ ከባለታሪኩ ይሻላል እንል ነበር። ባራክ ኦባማ የአባቱን ነገር የጻፈበትን መጽሐፍ ራሱ አንብቦ እ.አ.አ. በ2006 የግራሚ ሽልማት ሲቀበል እንኳ፥ የተሸለመው ስሙ ነው ብለን ተከራክረናል። አሁን ግን ልብ ወለድን ተዋናይ ያንብበው፤ ትዝታን ግን ባለቤቱ፥ ቢንተባተብም ራሱ ይናገረው እንላለን። የት ላይ ዝም እንደሚል ሌላ ሰው ሊያውቅለት አይችልም።

የሰው ድምፅ ምን ያህል ውድ እንደ ሆነ አባቶቻችንም ያውቁ ነበር። እ.አ.አ. በ1898 ንግሥት ቪክቶርያ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የላከችው መልእክት በሸክላ ሳይሆን በሰም በርሜል የተቀዳ የራሷ ድምፅ ነበረ። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌ ጣይቱም በተከታዩ ዓመት በድምፃቸው መለሱ። የንግሥቲቱ ቅጂ በራሷ ፈቃድ ከተሰማ በኋላ ጠፋ፤ የምኒልክና የጣይቱ ግን እስከ ዛሬ አለ።

እኛም አደይን ለመንናቸው። «የኔ ነገር ምን ይሰማል!» ብለው ጥቂት ካንገራገሩ በኋላ ፈቀዱ። እኛም በትግርኛ የተናገሩትን ወደ አማርኛ ልንመልሰው ቃል ገባን። ጊዜው ጐረቤቶቻችን ሱዳናውያን ረመዳንን፥ እኛም ዐቢይ ጾምን የምንጾምበት ነበረ። ከአፍጥር በኋላ ሰፈሩ ጸጥ ሲል፥ ስልኩን በትራሳቸው አጠገብ እያኖርን ሦስት ማታ ቀዳን። በሦስተኛው ማታ ታሪኩ ገና ከድንበሩ አልደረሰም ነበር፤ ልጅ አዝለው ስለ ወጡበት አንድ ዳገት ብቻ ከግማሽ ሰዓት በላይ ተናግረዋል። የቀረውን ከበዓል በኋላ እንጨርሰዋለን ተባባልን።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቀዳም ሥዑር ነበረ። ሻይ ሻጯ እኅታችን ለፋሲካ የገዛችውን ዶሮ እግሩን አስራ ሳለች የመድፉ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ስለ ሆነው ሁሉ መጻፍ የዚህ ዓምድ ሥራ አይደለም። እኛ ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ወጣን፤ ስልኩንም መንገድ ላይ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ወሰዱት። አደይ ከወንድማቸው ልጅ ጋራ ወደ ገዳሪፍ እንደ ሄዱ ነገሩን፤ ከዚያ ወዲህ አልተገናኘንም።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን ከሦስቱ ቅጂዎች አንዱ በእጃችን አለ። ሻይ ሻጯ የመጀመሪያውን ማታ ቅጂ አዲስ አበባ ላለች ታናሽ እኅቷ ልካላት ኖሯል። አርባ ደቂቃ ያህል ነው፤ ትርጕሙንም ጀምረናል። ከንግግሩ በስተኋላ የጐረቤት ጄኔሬተር ያጕረመርማል፤ ወደ መጨረሻውም የውሃ ሻጩ የአህያ ጋሪ በር ላይ ሲቆም፥ አደይ ንግግራቸውን አቋርጠው «ቆዩኝ፤ ውሃው አይለፈን፤ የቀረውን ነገ» ሲሉ ይሰማል።