የደጋው ደንና የቆላው ምርት አንድ ሒሳብ ናቸው

የአገር ኢኮኖሚ መሠረቱ ሠርቶ የሚያመርት እጅ መሆኑ እሙን ነው። ይሁን እንጂ ያ እጅ የሚያርሰው አፈርና የሚያጠጣው ውሃ ከየት እንደሚገኝ በሒሳብ መዝገብ ላይ እምብዛም አይታይም። የይፋት ቆላ ይህን ጉድለት አጉልቶ ያሳየናል።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከጣርማ በር ቁልቁል ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ መንገደኛው በአንድ ጉዞ ከውርጭ ወደ ሐሩር ይወርዳል። ሮቢ፣ ጀውሃና አጣዬን የመሳሰሉ ወንዞችም ከዚያው ሸንተረር ወርደው፣ ቆላውን አቋርጠው ወደ አዋሽ ይፈስሳሉ። የቀወት አርሶ አደር በዝናብና በመስኖ ማሽላ፣ ጤፍ፣ ሽንኩርትና ማሾ ያመርታል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሚገበያየው ማሾ ዛሬ ለአገር የውጭ ምንዛሪ ከሚያስገኙት ሰብሎች አንዱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። አንድ ኩንታል ማሾ ሲሸጥ ዋጋው ይመዘገባል። ዛፍ ተቆርጦ ከሰል ሲሆንም ዋጋ ይወጣለታል። ዛፉ ቆሞ አፈር ሲይዝ፣ ጎርፍ ሲገታና ምንጭ ሲጠብቅ ግን ማን መዘገበለት? የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ያወጣው ጥናት፣ በ2005 በጀት ዓመት ደን ለኢትዮጵያ ያስገኘው ጥቅም ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት 13 በመቶ ያህል እንደሚመዝን አስልቷል። ይህም በተለመደው ሒሳብ ለደን ከሚሰጠው ድርሻ እጅግ የላቀ ነው።

በጣርማ በርና በአንኮበር አካባቢ፣ በሸንተረሩ ላይ ጽድና ዝግባ ይዞ የቆመው የወፍ ዋሻ ደን የዚሁ ያልተመዘገበ ሀብት አካል ነው። ደኑ ቢመነጠር ጉዳቱ ከተራራው ወርዶ የቆላውን ማሳ በጎርፍ ይጠርጋል፤ በበጋም ቦዩን ያደርቃል። የደገኛው መጥረቢያ የቆለኛውን ጎተራ ይነካል ማለት ነው።

ደንን በዘመቻ ብቻ ማቆየት እንደማይቻል ታሪካችን ይመሰክራል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ። በተከታዮቹ ዓመታትም ብዙ ተራራ በሕዝብ ጉልበት ችግኝ ለበሰ። ነገር ግን ተካዩ ከተከለው ዛፍ የሚደርሰው ድርሻ በግልጽ ስላልተወሰነለት፣ በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ወቅት በብዙ ሥፍራ ደኑ ባለቤት እንደሌለው ንብረት ተጨፈጨፈ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ የተተከሉት ችግኞችም ከዚህ ዕጣ የሚድኑት ጠባቂያቸው ተጠቃሚ ሲሆን ነው።

በመሆኑም የሚከተሉት ተግባሮች ሊዘነጉ አይገባም። የመንግሥት የሒሳብ መዝገብ የቆመውን ዛፍ ዋጋ ያካትት። የተራራው ነዋሪ ከሣሩ፣ ከማሩና በሥርዓት ከሚቆረጠው እንጨት ድርሻው በጽሑፍ ይታወቅለት። የቆላው የመስኖ ተጠቃሚ ለደኑ ጥበቃ የበኩሉን ያዋጣ።

የከተማው ነዋሪና ሠርቶ አደርም ከዚህ ሒሳብ ውጭ አይደለም። በየቤቱ የሚነደው ከሰል ከአንድ ተራራ የወረደ ነው። የአካባቢ ማኅበራት ማገዶ ቆጣቢ ምድጃን በየቤቱ ሲያስፋፉ፣ ሪፖርታቸውም በተተከለው ሳይሆን በጸደቀው ችግኝ ሲለካ፣ የይፋትን ማሳ ከጎርፍ ያድናሉ። እህሉን የምንበላ ሁሉ የውሃው ባለዕዳዎች ነንና ዕዳችንን ደኑን በመጠበቅ እንክፈል!