ጭሱ ቀረ፤ ውሃውስ?

ባለፈው ሳምንት በዚሁ ሰሌዳ ላይ አንድ ወንድማችን በሶላር ስለሚሠራ የመስኖ ፓምፕ የጻፈውን አንብበናል። ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ ሥዕሉም አምሮበታል። ነገር ግን በአካባቢ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የለም ብሎ የደመደመበት አንቀጽ ስላልተዋጠልኝ፣ ጸሐፊው ሳይቀየመኝ ጥቂት ልበል።

እርግጥ ነው፣ ናፍጣ ክፉ ነው። አንድ ሊትር ሲነድ 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይወጣል። ዘይቱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ይንጠባጠባል፣ ጩኸቱም ጆሮ ያደነቁራል። ሶላር ከዚህ ሁሉ ይገላግለናል። እስከዚህ ድረስ ከወንድማችን ጋር አንድ ነን።

ታዲያ ችግሩ የቱ ላይ ነው? ናፍጣ በክፋቱ መካከል አንድ ደግ ነገር ነበረው፤ ገበሬው ሞተሩን ባስነሳ ቁጥር ኪሱን ይዳብሳል። ሽንኩርቱ ጠጥቶ እንደጠገበ ቶሎ ያጠፋዋል። ሶላር ግን አንዴ ከተተከለ የነገዋ ፀሐይ በነፃ ናት። ጧት የተከፈተ ፓምፕ እስከ ማታ ቢስብ ገበሬው ምን ከፈለ? ምንም። የሚከፍለው የከርሰ ምድሩ ውሃ ነው፤ ከዚያም በእጁ ቆፍሮ በባልዲ የሚቀዳው ጎረቤት።

ይህ ማጋነን ነው የሚል አይጠፋም። እስቲ ሐረማያ ሐይቅን እናስታውስ። የሐረር ከተማ ሕዝብ ከዚያ ይጠጣ ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ግን ሐይቁ ደርቆ ሰው በእግሩ የሚያቋርጠው ሜዳ ሆነ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ከተራቆተው ኮረብታ የወረደው ደለልም፣ የዝናቡ እጥረትም አለበት። ሆኖም ለጫትና ለአትክልት ውሃ የሚስቡት ሞተሮች ድርሻ ትልቅ ነበር። ልብ በሉ፣ ነዳጅ ተገዝቶላቸው የሚሠሩ ሞተሮች ነበሩ! ከዓመታት በኋላ ውሃው ተመልሶ መታየቱ ደስ ያሰኛል፤ የዚያን ጊዜውን የሐረርን ጥም ግን አይሽርም።

ውሃ ማብዛት መሬቱንም ይጎዳል። በመካከለኛው አዋሽ፣ አሚባራ አካባቢ፣ ፍሳሹ መውጫ ያጣ የመስኖ ውሃ ጨው ወደ ላይ አምጥቶ ስንት የጥጥ እርሻ አበላሽቷል። ያውም በወንዝ ውሃ እንጂ በሶላር አይደለም።

ታዲያ ሶላር ይቅር ማለቴ ነው? ኧረ በፍጹም! በሕንድ አገር፣ ጉጃራት ውስጥ ዱንዲ በምትባል መንደር ገበሬዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ማኅበር አቋቁመው፣ ከፓምፕ የተረፈውን የሶላር ኤሌክትሪክ ለመብራት ድርጅት መሸጥ ጀመሩ። እንግዲህ ውሃ በከንቱ የሚስብ ሰው የሚሸጠውን አጣ ማለት ነው። ብልሃት ይሏል ይህ ነው። የኤሌክትሪክ መስመር በሌለበት ገጠር ግን ይህ አይሠራም፤ እዚያ የሚያዋጣው ጉድጓዱን እየለኩ መሳብ ነው።

ስለዚህ ግምገማችን የቀረውን ናፍጣ ብቻ አይቁጠር። በመጪው ዓመት ለማስተማር ልምምድ ወደ ገጠር ስንወጣ፣ ሶላር ፓምፕ የተተከለበት ጉድጓድ ካገኘን፣ በየሜትሩ ምልክት የተደረገበትና ጫፉ ላይ ድንጋይ የታሰረበት ገመድ ይበቃናል። ጧት ፓምፑ ሳይከፈት፣ በጥቅምት አንዴ፣ በየካቲት አንዴ፣ በግንቦት አንዴ ከተማሪዎች ጋር ለክተን በደብተር እንመዝግብ። ከእኛ ቀጥሎ የሚሄዱትም በየዓመቱ በነዚያው ወራት ይለኩ። ውሃው ካልወረደ ወንድማችን ልክ ነበር ማለት ነው፤ እኔም በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።