ላፕቶፓችን ሳይሆን ላቦራቶሪው ይከፈት



የዕረፍት ጊዜ በተቃረበ ቁጥር በካምፓሳችን አካባቢ ባሉት የኮምፒውተር ጥገና ቤቶች አንድ ወረፋ ይታያል። ተማሪው ላፕቶፑን አቅፎ ይቆማል፤ የሚለውም «ሆሙን አጥፍተህ ፕሮ ጫንልኝ» ነው። ምክንያቱን ቢጠይቁት «አገር ቤት ሆኜ በሪሞት ዴስክቶፕ የላቦራቶሪውን ኮምፒውተር ልጠቀምበት ነው» ይላል። አሳቡ የሚመሰገን ነው፤ ገንዘቡ ግን በከንቱ ይፈሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሪሞት ዴስክቶፕ ሥራ ሁለት ወገን አለ፤ አንዱ እንግዳ፣ ሁለተኛው ባለቤት። እንግዳው ከሩቅ ሆኖ በር ያንኳኳል፤ ባለቤቱ ይከፍትለታል። ከዚያ በኋላ ሥራው ሁሉ የሚሠራው በባለቤቱ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ወደ እንግዳው የሚመጣው በዋናው የስክሪኑ ሥዕል ሲሆን፣ ከእርሱ የሚሄደውም የማውሱና የኪቦርዱ ትእዛዝ ነው። የዊንዶውስ ሆም እትም እንግዳ ለመሆን ምንም አይጎድለውም፤ እንግዳ መቀበል ግን ተከልክሏል። ፕሮ፣ ኢንተርፕራይዝና ኤዱኬሽን የተባሉት እትሞች ሁለቱንም ያደርጋሉ። እንግዲህ ከደባርቅ ሆኖ ወደ ላቦራቶሪው የሚገባው ተማሪ እንግዳ ነውና የያዘው ሆም ይበቃዋል። ፕሮ መሆን የሚገባው በወዲያኛው ጫፍ ያለው፣ ይኸውም የትምህርት ክፍሉ ኮምፒውተር ነው።

ክልከላው የማሽኑ አቅም ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ማይክሮሶፍት ይህን አገልግሎት በ2001 እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ ኤክስፒ ጋራ ሲያወጣ ለፕሮፌሽናሉ ሰጥቶ ለሆሙ ነፈገው፤ ከዚያ ወዲህም ልማዱ አልተለወጠም። ከሆም ወደ ፕሮ መሻገሪያው በአሜሪካ ዋጋ 99 ዶላር ነው። ነጋዴ ነውና አልፈርድበትም። የጥገና ቤቱ ፕሮ ግን አብዛኛውን ጊዜ ክራክ የተደረገ፣ ማን እንደነካካው የማይታወቅ ቅጂ ነው። ተማሪው ለማያስፈልገው በር ከፍሎ፣ በሩን ለማያውቀው ሰው ሳይከፍት አይቀርም።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ለሰሜን ልጆች ትርፍ ጨዋታ አይደለም። ከአምባራስ የመጣ አንድ ጓደኛዬ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚሠራው በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥና ዙሪያ ስላለው የገብስ እርሻና የግጦሽ መሬት ነው። ፓርኩ ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. በአደጋ ላይ ባሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ እንዲገባ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው የእርሻና የግጦሽ ጫና ስለ ነበረ፣ ጥናቱ ለአገሩ ሰው ቁም ነገር ነው። የሚመረምራቸው የሳተላይት ምስሎች እያንዳንዳቸው ከግማሽ እስከ አንድ ጊጋባይት ይሆናሉ። ላፕቶፑ አራት ጊጋባይት ራም ብቻ ስላለው አንዱን ሲከፍት ይተኛል። በዕረፍት ጊዜ ከአምባራስ ደባርቅ ወርዶ በስልኩ መስመር ምስሎቹን ላውርድ ቢል፣ የካርድ ሒሳቡ ከመሳፈሪያው ይበልጥበታል። በሪሞት ዴስክቶፕ ቢሠራ ግን ምስሎቹ ከላቦራቶሪው ንቅንቅ አይሉም። ይልቁንም መስመሩ በመካከል ቢቋረጥ የጀመረው ስሌት በወዲያኛው ኮምፒውተር ላይ ይቀጥላል፤ መስመሩ ሲመለስ ካቆመበት ይገባል። (ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረዥም ጊዜ ተዘግቶ በነበረበት ወቅት ይህ ሁሉ ወሬ ብቻ እንደ ነበረ አልዘነጋሁም።)

እንግዲያስ በላቦራቶሪው በኩል የትኛው ይሻላል? ፕሮ እንግዳ ቢቀበልም የሚያስተናግደው በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ነው፤ እንግዳው ሲገባ በፊት ለፊቱ የተቀመጠው ተማሪ ስክሪን ይቆለፋል። ስለዚህ በክፍለ ጊዜ ቢሞከር ጠብ ይነሣል፤ በሌሊትና በዕረፍት ግን ላቦራቶሪው ባዶውን ነው የሚያድረው። ዊንዶውስ ሰርቨር የተባለው ለአስተዳደር ሥራ ሁለት ሰው ይፈቅዳል፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ወይም መሣሪያ ሌላ ፈቃድ መግዛት ግድ ነው። ማክ ሆምና ፕሮ የሚባል ልዩነት የለውም፤ ስክሪን ማጋሪያው አብሮት ይመጣል፤ ግን እኛ ዘንድ ማክ ያለው ማነው?

ሊኑክስ ከሁሉም ይለያል። ኤክስአርዲፒ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ከተጫነበት ብዙ ሰዎችን በየራሳቸው ስክሪን በአንድ ጊዜ ያስተናግዳል፤ እንግዳው የሚገባውም በዚያው በለመደው የዊንዶውስ መግቢያ ነው። ገደቡ የራሙና የፕሮሰሰሩ አቅም እንጂ ፈቃድ አይደለም። ኪውጂአይኤስና አር በሊኑክስ ላይ ይሠራሉ። አርክጂአይኤስ ፕሮ ግን አይሠራም፤ ይህን አለመናገር ማታለል ይሆናል። የእኔ አስተያየት ራሙ ዳጎስ ያለ አንድ ኮምፒውተር በሊኑክስ ዘወትር ክፍት እንዲሆን፣ አርክጂአይኤስ የግድ ለሚላቸው ደግሞ የፕሮዎቹ ማሽኖች በዕረፍት ጊዜ በተራ እንዲፈቀዱ ነው።

አንዳንድ መምህራን «ሌባ ይገባብናል» ይላሉ። ስጋታቸው እውነት ነው፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ብሉኪፕ የተባለው ቀዳዳ የተገኘው በዚሁ አገልግሎት ውስጥ ነበር። ነገር ግን መልሱ በሩን መድፈን አይደለም። የሪሞት ዴስክቶፑን በር በቀጥታ ለኢንተርኔት ሳይከፍቱ፣ ተማሪው በመጀመሪያ በቪፒኤን ወደ ካምፓሱ መረብ እንዲገባ ማድረግ ይቻላል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ በዚያ ላይ የቀሩትን ማሽኖች ከዚህ ሥራ ማግለል ይገባል። መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ኮምፒውተሩን የሚያስነሣ ሰው ማስፈለጉም አይቀርም፤ ለዚህ ማኅበራችን ተረኛ ተማሪዎችን ሊመድብ ይችላል።

የትምህርት ክፍላችን መምህራን ከዕረፍቱ በፊት አንድ ነገር እንዲያደርጉልን እለምናለሁ። በእያንዳንዱ የላቦራቶሪ ኮምፒውተር ላይ «ሴቲንግስ»፣ ቀጥሎ «ሲስተም»፣ ቀጥሎ «አባውት» የሚለውን ከፍተው የትኛው እትም እንደ ተጫነበት ይመዝግቡና ዝርዝሩን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጥፉልን። በአንድ ማሽን ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ዝርዝሩ እስኪወጣ ድረስ በወረፋው ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።